ፍጥነቱ ሙሉ ነው፤ ወረፋውን ግን ማን ለካው?

እሑድ ማታ እህቴ ከቨርጂኒያ ትደውላለች። ድምፅ ብቻ ነው፣ በኢንተርኔት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሰላም ናቸው። ከዚያ እኔ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ስል እሷ ዝም። ደግሜ ሄሎ ስል የቅድሙ መልስ ይመጣና ይጋጫል። ሁለታችንም እናቆማለን፣ ሁለታችንም እንጀምራለን። በመጨረሻ «በቃ፣ እንጻጻፍ» ተባብለን እንዘጋለን።

ባለሙያ አስጠራን። መጣ፣ ስፒድ ቴስት ከፈተ፣ «ፍጥነቱ ሙሉ ነው» ብሎ ሄደ። አልዋሸም። የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ነው፤ ቤት ውስጥ ከእናቴ በቀር ሰው አልነበረም። እሑድ ማታ ግን ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ያነሳውን የሰርግ ፎቶ ወደ ኢንተርኔት ይጭናል። ሐኪሙ ደጅ ሲደርሱ የሚለቅ የጥርስ ሕመም አለ አይደል? እንደዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ጠባብ ነው። የምንልከው ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው የሚሄደው፤ ፓኬት ሲበዛበት ራውተሩ ወዲያው አይጥለውም፤ ቡፈር በሚባለው ማቆያ ውስጥ ያሰልፈዋል። ትንሽ ማቆያ ግድ ነው። ሜሞሪ እየረከሰ ሲመጣ ግን አምራቾች አሳበጡት፤ ፓኬት መጣል ነውር መሰላቸው። ሒሳቡን እዩት፦ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያወጣ መስመር ላይ 1 ሜጋባይት ቡፈር ከሞላ፣ መጨረሻ የተሰለፈው ፓኬት 4 ሰከንድ ይጠብቃል። የእኔ «ሄሎ» ከወንድሜ ሙሽሮች ኋላ ቆማለች ማለት ነው።

ይባስ ብሎ የተለመደው ቲሲፒ (ፓኬቶች በትክክል እንዲደርሱ የሚቆጣጠረው የኢንተርኔት የአላላክ ሕግ) መንገዱ መሙላቱን የሚያውቀው ፓኬት ሲጠፋበት ነው። ቡፈሩ ሁሉንም ተቀብሎ ካስቀመጠ፣ ላኪው መንገዱ ክፍት መስሎት ይጨምራል።

ርቀቱ ነው የሚሉ አሉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልሱ ቢያንስ 115 ሚሊሰከንድ ነው፤ ገመዱ ስለሚዞር በተግባር ይበልጣል። እሱን ማንም አይቀንሰውም። ሁለት ሦስት ሰከንድ መዘግየቱ ግን የፈጣሪ ሥራ አይደለም።

ይህን ጉዳይ በስሙ እንዲጠራ ያደረገው አሜሪካዊው ጂም ጌቲስ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ከቤቱ ትልቅ ፋይል ሲልክ የቤቱ ኢንተርኔት ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲዘገይ አየ። ጌቲስ ተራ ሰው አይደለም፤ ኤክስ ዊንዶው የተባለውን፣ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ መስኮቶችን የሚያሳየውን ሥርዓት ከሠሩት አንዱ ነው። ያኔ ያደረገው ነገር ነው ደስ የሚለኝ፦ የሚያልፉትን ፓኬቶች መዝግቦ ይዞ ቫን ጃኮብሰንን ለመሰሉ የኢንተርኔት አንጋፋዎች አሳየ። «ባፈርብሎት» የሚለው ስም ከዚያ መጣ፤ ያበጠ ማቆያ እንደማለት።

የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። መዘግየትን ለማወቅ መስመሩ ላይ ተጨማሪ ጭነት መጨመር የለብንም። ስፒድ ቴስት ራሱ መስመሩን ይሞላል፤ በጊጋ ለሚከፍል ሰው ደግሞ ፓኬጁን ይበላዋል። ዝም ብሎ የሚያልፈውን ማየት በቂ ነው። ታክሲ ተራ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ቢጫ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ መቼ ተሰለፈ፣ መቼ ተሳፈረ? ሰዓታችሁን ታያላችሁ። እናንተ መሰለፍ አይጠበቅባችሁም።

ብዙ የቲሲፒ ፓኬቶች ይህን ቢጫ ጃኬት ለብሰው ነው የሚሄዱት፤ ትንሽ የሰዓት ማኅተም አላቸው። ተቀባዩ ያንኑ ማኅተም በመልሱ ላይ ይመልሰዋል። መሃል ላይ ያለ ታዛቢ ማኅተሙ ሲያልፍና ሲመለስ ያለውን ልዩነት ይይዛል። በዚያው መንገድ ላይ የታየው ትንሹ ቁጥር መንገዱ ጭር ሲል የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በአመዛኙ ወረፋ ነው። ወደ ቤቱ በኩል ያለውንና ወደ ውጭ ያለውን ለየብቻ ስለሚያሳይ፣ ወረፋው ከታዛቢው ወዲህ ይሁን ወዲያ ይታወቃል። የኔትወርክ ባለሙያዋ የካትሊን ኒኮልስ «ፒፒንግ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ይዘቱን ማንበብ አያስፈልገውም፤ የፖስታውን ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው።

እንከን የለውም አልልም። ማንም ካልተጠቀመ የሚታይ ነገር የለም። ዋይፋዩ ሲደክም ወይም ስልኩ ሲያንቀላፋም ቁጥሩ ያብጣል፤ ሁሉንም ቡፈር ላይ መለጠፍ አይገባም። ኩዊክ የተባለው አዲሱ የአላላክ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ማኅተም በግልጽ አያሳይም፤ የመልስ ምልክቶቹንም በምስጢር ጽሑፍ ውስጥ ደብቋቸዋል፤ ለታዛቢ የተወለት አንዲት ቢት (0 ወይም 1 የሆነች ምልክት) ናት፣ እሷም በላኪና በተቀባይ ፈቃድ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሃል የሚቀመጠው ሰው ነው። ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ያያል። ስለዚህ የሚቀመጠው የወረፋው ቁጥር ብቻ ይሁን፣ አድራሻው ይጣል።

ኢንተርኔት አቅራቢዎች ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ ፓኬቱ በእጃቸው ነው የሚያልፈው። ማስታወቂያው «እስከ ይህን ያህል ሜጋ» ይላል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወረፋው ስንት ሚሊሰከንድ ነው? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሊጠይቃቸው የሚገባው ይህን ነው። መድኃኒቱም አዲስ አይደለም። ኒኮልስና ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን የወረፋ መቆጣጠሪያ ዘዴ ያወጡት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፓኬቶቹ ቆይታ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ሆኖ ለ100 ሚሊሰከንድ ከዘለቀ መጣል ይጀምራል። ኤፍኪው-ኮደል የተባለው ዘመዱ በዚያው ዓመት ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል።

እኔ በተከታዩ እሑድ ላፕቶፔ ላይ ዋየርሻርክ የተባለውን፣ የሚያልፉ ፓኬቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈትኩ። ለመለካት ብዬ ምንም አልላክሁም፣ የራሴን ትራፊክ ብቻ አየሁ። ወንድሜ መጫን ሲጀምር የመዘግየቱ ግራፍ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ሁለት ሰከንድ ተኩል ደረሰ። ሲያቆም ወደቀ። ከዚያ የራውተሩን የመጫኛ ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጌ ወሰንኩትና ኤፍኪው-ኮደልን አበራሁት። ወረፋው ከአቅራቢው ሳጥን ወጥቶ እኔ ወደማዘው ራውተር መጣ። ፎቶዎቹ ትንሽ ዘገዩ፤ ወንድሜ አላወቀም። እህቴ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ «ዛሬ ምን ተገኘ? ቤት ቀየራችሁ እንዴ?» አለች።