ለደብረ ብርሃኑ ቀማሚ

እስኪ ዛሬ ደግሞ እናመስግን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ዓለም ያላወቃቸው የወይን ጠጅ ሊቆች አሉ። ማንም አልሸለማቸውም። ሠርግ ላይ ግን በየጠረጴዛው ሞልተዋል።

የሌላው አገር ሰው ሲለፋ ነው የሚኖረው። ስፔን ውስጥ ሪዮሃ የሚባል አካባቢ አለ። ገበሬው ሲየራ ደ ካንታብሪያ ከሚባለው ተራራ ሥር፣ ተዳፋቱ ላይ ወይን ይተክላል። ሜዳ አጥቶ አይደለም። ተዳፋት ላይ ውሃ አይተኛም፣ አፈሩም ስስ ነው። ወይኑ ጥቂት ያፈራል፤ ፍሬው ደቃቃ ይሆናል፤ ቀለሙና ጣዕሙ ግን ይበረታል። ከዚያ ቀማሚው ይመጣል። ቴምፕራኒዮ የሚባለውን ዝርያ መሠረት ያደርጋል። ሞላ እንዲል ጋርናቻ፣ መዓዛ እንዲኖረው ግራሲያኖ ጣል ያደርግበታል። ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ እንደገና ይቀምሳል። ቀዩ ወይን «ሪዘርቫ» እንዲባል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመቱን በኦክ እንጨት በርሜል። ሕግ ነው።

ምስኪን! ይህን ሁሉ ለፍቶ፣ ሥራውን ሳይጨርስ ላከልን። የእኛ ሰው ጨረሰለት። በኮካ።

ነገሩ በፍሪጅ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጋቢ ደርበንም ያንዘፈዝፈናል። ቀይ ወይን ደስ የሚለው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ጠርሙሱን ምድጃ አጠገብ ማሳደር ይሻል ነበር። ግን ፍሪጅ ተገዝቶ ዝም ብሎ ይቆማል እንዴ? ወይኑም በረዶ ሆኖ ይወጣል። ቀይ ወይን ሲቀዘቅዝ ደግሞ ታኒን የሚባለው አፍ አድራቂ ነገር ይጎላል፣ አፍ ይይዛል። የክብር እንግዳው አንዴ ይጎነጫሉ። ፊታቸው ይኮማተራል።

«ይሄ ነገር ይጎመዝዛል። ኮካ የለም?»

«ኧረ አለ ጋሼ! በሞቴ፣ ቶሎ አምጪላቸው!»

በየ100 ሚሊ ሊትሩ 10 ግራም ያህል ስኳር ይዞ ኮካው ይንደቀደቃል። የሦስት ዓመቱ ወይን በሦስት ሰከንድ ለስላሳ ይሆናል። ጋሼ ቀመሱት። «አሁን ገና ወይን ሆነ!»

እኚሁ ጋሼ ጠጅ ላይ ቀልድ አያውቁም። ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል። ቀመስ ያደርጉና «ስኳር ገብቶበታል» ብለው ይመልሱታል። የጣይዋ ስም እስከ ማታ ከተማውን ያዳርሳል። ጠላው ላይ ጌሾ ከበዛ ያውቃሉ። አረቄው ዳግም መሆን አለመሆኑን በማሽተት ብቻ ይለያሉ። ይህ ሁሉ ምላስ ሪዘርቫው ፊት ሲደርስ የዓመት ፈቃድ ይወጣል።

ስፔኖችም ወይንና ኮካ ይቀላቅላሉ የሚል ሐሜተኛ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ካሊሞቾ ይሉታል፤ የባስክ ወጣቶች በበዓል ቀን ይጠጡታል። ግን የሚቀላቅሉት ርካሹን ወይን ነው። ቆንቋኖች! እኛ ለኮካ የምንሰጠው ምርጡን ነው። ይህን ቸርነት ማን ይችለዋል?

ደግሞስ ወይኑ ሊጠጣ መጣ ያለው ማነው? ለቪዲዮ ነው የመጣው። የጠርሙሱ ጽሑፍ ወደ ካሜራው ይዞራል። አስተናጋጁ ተሳስቶ ካዞረው ሚዜው «ቆይ፣ መልሰው!» ይላል። ኮካው ቀረጻው እስኪያልቅ ከጠረጴዛው ሥር ነው። ትልልቅ ባለሙያዎች ቅመማቸውን እንዲህ በቀላሉ አያሳዩም።

ለሪዮሃ ሰዎች ግን አንድ ልመና አለን። እባካችሁ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ አትሙሉት። 750 ሚሊ ሊትር ጠቅጥቃችሁ ስትልኩ ኮካው የት ይግባ? እስከ ግማሹ ይበቃል። ጽሑፉን ብቻ ከሩቅ እንዲነበብ ጎላ አድርጉት። ዋጋውን ደግሞ እንዳትነኩት፤ የሙሽራው አባት ይቀየማሉ።