ፋብሪካ እና ፎርጅድ ዘመዳሞች ናቸው

«ፋብሪካ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ የሚናገረውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቢስተካከል ደስ ይለኛል። በጽሑፉ «ፋብሪካ» የመጣው «ፋክተሪ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው ተብሏል። አይደለም። ከጣሊያንኛ ነው የወሰድነው። የሁለቱ ቃላት የላቲን ሥርም ለየቅል ነው።

በላቲን «ፋቤር» የእጅ ባለሙያ ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ፣ አናጺ። «ፋብሪካ» ደግሞ ሙያውም የሚሠራበት ቤትም ነው። ጣሊያኖች ዛሬም ቀጥቃጩን «ፋብሮ» ይሉታል። ጀርመኖችና ሩሲያውያንም ቃሉን እንደኛው ለማምረቻ ቤት ይጠቀሙበታል።

ለኔ ደስ የሚለው የፈረንሳይ መንገዱ ነው። እዚያ ሲደርስ አጥሮ «ፎርዥ» ሆነ፤ የቀጥቃጭ ቤት ማለት ነው። እንግሊዞች ተቀብለው «ፎርጅ» አሉት። ብረት ቀጥቅጦ ቅርጽ መስጠት የነበረው ትርጉም፣ ቆይቶ አስመስሎ መሥራትንም ጨመረ። እኛ «ፎርጅድ ዲግሪ» የምንለው ከዚሁ ነው! ፋብሪካና ፎርጅድ የአንድ ቃል ልጆች ናቸው ማለት ነው።

እኔ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እናቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ለዓመታት ክር ስትፈትል ኖራለች። ፋብሪካው የተሠራው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። እንግሊዝኛ ስማር «ፋብሪክ» ማለት ጨርቅ ነው ተባልኩ። ያም ከዚያው ከላቲኑ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ማንኛውም የተሠራ ነገር፣ በኋላ ጨርቅ። እማዬ የምትሠራበት ቤትና ከቤቱ የሚወጣው ጨርቅ ስማቸው አንድ ነበር። ማታ ከሥራ ስትመለስ ሮጬ የነገርኳት ይህንን ነው።