ፍርዳችሁን ቀድማችሁ ይዛችሁ መጽሐፍ አትግዙ

ወገኖቼ፣ ስለ ደርግ፣ ስለ ወታደራዊው መንግሥት፣ መሪ ስለ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የተጻፈ መጽሐፍ ስትመርጡ የምታደርጉትን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ገና ሳትገልጡት ጸሐፊው ከየትኛው ወገን እንደነበረ ትጠይቃላችሁ። የእኛ ሰው ነው ከተባላችሁ ትገዛላችሁ፤ የእነዚያ ነው ከተባላችሁ መልሳችሁ ታስቀምጣላችሁ። አንዱ አረመኔውን ፍለጋ ያነባል፣ ሌላው ቆራጡን አገር ወዳድ ፍለጋ። ሁለቱም የፈለጉትን አግኝተው፣ አንዲት ነገር ሳይማሩ መጽሐፉን ይዘጋሉ። የሰፈር ሽማግሌ በድንበር ጠብ እንኳ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ እናንተ ግን በ17 ዓመት የአገር ታሪክ ላይ እንዲህ ትፈርዳላችሁ።

ልጁን ወይም ወንድሙን በቀይ ሽብር፣ በደርግ የግድያ ዘመቻ፣ ያጣውን ሰው አልወቅስም። እሱ ያየውን መጽሐፍ አይነግረውም። የምገሥጸው በሰማነው ብቻ የምንማማለውን እኛን ነው።

መጽሐፉን ከመግዛታችሁ በፊት የማትወዱትን ገጽ ፈልጉ። ሰውዬውን የምታደንቁ፣ በመጀመሪያ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ግለጡ። የንጉሡ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ሲረሸኑ ይህን በወሰነው የደርግ ስብሰባ ማን ማን ነበረ? ማን አጥብቆ ተናገረ? ጸሐፊው ይህን ይነግራችኋል ወይስ «ጊዜው አስገደደ» ብሎ ያልፋል? ቀጥሎ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.ን እዩ፤ የደርግ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ባልደረቦቻቸው ተገድለው መንግሥቱ ብቻውን የቆመበትን ቀን። በዚያው ዓመት በሚያዝያ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች የሰበረበትንም እለፉ አትበሉ። ከዚያ በኋላ ስንት ወጣት በየመንገዱ ተጥሎ አደረ! ይህን በሁለት መስመር የሚጨርስ መጽሐፍ የሕይወት ታሪክ ተብሎ ሊሸጥላችሁ አይገባም።

የምትጠሉትም ከዚህ ፈተና አታመልጡም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ያ ሁሉ ሕዝብ አደባባይ የወጣው ለምንድን ነው? አዋጁን ማን ጠየቀው፣ የተማሪው «መሬት ላራሹ» ከየት መጣ? በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ይዞ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሲገፋ ገበሬው በሚሊሺያ የዘመተው ተገዶ ብቻ ነበር? በጅጅጋ አጠገብ ያለችው ተራራ ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጦር መልሳ ስትያዝ የኩባ ወታደርና የሶቪየት መሣሪያ ምን ያህል ድርሻ ነበራቸው? በከተማስ ደርግን የተቃወመው የግራ ፓርቲ ኢሕአፓ ምን አደረገ፣ ሌላው የግራ ፓርቲ መኢሶን ከደርግ ጋር ቆሞ ምን መከረ? የአንድን ሰው ክፋት ብቻ እየደጋገመ የሚነግራችሁ ጸሐፊ ያ ሰው 17 ዓመት እንዴት እንደቆየ አይነግራችሁም፤ ነገ ሌላ እንደእሱ ያለ ቢነሣ በምን ታውቁታላችሁ?

ለሁለታችሁም የሚሆን አንድ ገጽ ደግሞ አለ፤ የንጉሡ አሟሟት። ደርግ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ ብሎ አስነገረ። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በ1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ፍርድ ቤት ታፍነው መገደላቸውን የሚናገር ክስ ሰማ፣ መንግሥቱ ካደ። ይህን ሁሉ በዝርዝር አቅርቦ ከየት እንዳገኘው የሚናገር ጸሐፊ በሌላውም ገጽ ሊታመን ይችላል።

ደርግ ጽሑፍ የሚያበዛ መንግሥት ነበር። የግድያ ትእዛዝ እንኳ በፊርማና በማኅተም ተቀምጦ ተገኝቷል፤ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያደራጀው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዓመታት ክርክር በኋላ መንግሥቱ በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባለው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው፤ የዕድሜ ልክ እስራቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ወደ ሞት ቅጣት ለወጠው። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን መዝገብ ሳይነካ ካለፈ ምክንያቱን ጠይቁ።

የቀድሞ የደርግ አባላት ማስታወሻም ይነበብ፤ ራሱ መንግሥቱ በስደት ሆኖ የጻፈውም ይነበብ። ግን ስታነቡ ልብ በሉ፦ ጸሐፊው ክፉው ውሳኔ በተወሰነበት ክፍል አንድ ቀን እንኳ ነበርኩ ይላል? ጥፋቱን ሁሉ የሚጭነው በሞቱት ላይ ነው? የሞተ ሰው አይመልስለትም።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አልታገሥም። የሰውዬውን የቆዳ ቀለም፣ የእናቱን ትውልድ፣ የአያቶቹን ማንነት እያነሣ ጭካኔውን ከዘሩ የሚቀዳ መጽሐፍ አለ፤ እናንተም እየሳቃችሁ ትቀባበሉታላችሁ። አፈሩ! ሆለታ የሠለጠነ፣ በሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር ያገለገለ መኮንን ነበር፤ ያ ሠራዊት፣ ያ ሹመት አሰጣጥ፣ ያ ቂም እንዴት እንደሠራው ይጻፍ። በደም የሚፈርድ ጸሐፊ የሚያዋርደው መንግሥቱን ብቻ አይደለም፤ ያንኑ መልክና ያንኑ ትውልድ የያዘውን፣ ምንም ያልበደለውን ወገናችሁን ጭምር ነው።

የታተመበትን ዓመት እዩ። በደርግ ዘመን የወጣ፣ ደርግ በወደቀ ማግስት የወጣ፣ በውጭ አገር የወጣ፣ እያንዳንዱ ማንን እንደሚፈራ ይለያያል። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩን አጣሩ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ሳይስተካከል ተቀላቅሎ የሚታተም አለ።

እናቶችና አባቶች፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሰውዬው ወደ ዚምባብዌ ሲኮበልል ያልተወለዱ ልጆቻችሁ ዛሬ ከተቆራረጠ የንግግር ምስል ነው የሚያውቁት። አንድ መጽሐፍ ብቻ አትስጧቸው። ከደርግ ወገን የተጻፈ አንድ፣ ከተሳደዱት ወገን የተጻፈ አንድ ስጧቸው፤ ሁለቱ ስለ ኅዳር 14 ሌሊት የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ፤ የሚጋጩበትን ያስምሩበት። ከዚያ ሦስተኛውን ራሳቸው ይፈልጉ።