ባለ 18 ኢንች ክብር

የአክስቴ ልጅ እቁብ ደረሰው። ተራ ሰው ቢሆን ጣራውን ያድስበት ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ሳሎናቸው ሶስት ቦታ ያፈሳል፤ ባልዲ የሚቀመጥበትን ቦታ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እሱ ግን አርቆ አሳቢ ነው። ጣራን ማን ቀና ብሎ ያያል? ቸርኬን ግን ከመገናኛ እስከ ቦሌ መንገድ ላይ የቆመ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ለኮሮላው 18 ኢንች ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትን ክብ ብረት፣ ገዛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን ኮሮላ ብሎ የጠራ ሰው ያስቀይመዋል። ስፖርት ሴዳን ናት። ሞተሩ ያው ነው። ካምቢዮው ያው ነው። ፍሬኑም ያው ነው። የተቀየረው ጫማዋ ብቻ ነው። ስኒከር ያደረገ ሁሉ ስፖርተኛ በሚባልበት ከተማ ይሄ ምን ይገርማል?

እሱንና መሰሎቹን የሚያመሰግን ሰው እስካሁን አላየሁም። በዲኤክስ ላይ፣ በቪትዝ ላይ፣ በያሪስ ላይ፣ በደከመ ቢኤም ላይ ከመኪናው የሚበልጥ ቸርኬ አስረው ለኛ ለተመልካቾች ሲሉ ወገባቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ውለታቸውን ልክፈል።

በመጀመሪያ የፋብሪካውን ድክመት እናንሳ። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ብዙ ባለመኪና እሷን ሳያይ መኪናውን ሸጦ ሌላ ይገዛል። የአክስቴ ልጅ ኮሮላ ላይ ያለችው 195/65 አር 15 ትላለች። 195 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 የጎማው ግድግዳ ቁመት ነው፣ ከስፋቱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ። 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ሶስት ተከራይ በአንድ ግቢ ተስማምቶ በማይኖርበት ዘመን ሚሊ ሜትር፣ ፐርሰንትና ኢንች በአንድ ጎማ ላይ ተፋቅረው ይኖራሉ።

ስታሰሉት የጎማው ግድግዳ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ከቸርኬው ጠርዝ እስከ አስፋልቱ ያለው ጎማና አየር ማለት ነው። ጃፓኑ መሐንዲስ ይህን ሁሉ አየር ለምን እንደሰጠን ግልጽ ነው። ፈሪ ስለሆነ ነው። ጉድጓድ ፈርቶ፣ ድንጋይ ፈርቶ፣ የተሳፋሪ ወገብ አሳስቦት። የኛ ሰው ግን ምን ያስፈራዋል?

የአክስቴ ልጅ ምርጫውን ያደረገው በጥናት ነው። አብሬው ስለነበርኩ ልመስክር። ሱቁ ገባ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቸርኬዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ "ትልቁ የቱ ነው?" አለ። ጥናቱ አለቀ።

"ለኮሮላ ይሆናል?" ብዬ እኔ ጣልቃ ገባሁ።

"እናስገባዋለን" አለ ባለሱቁ።

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ሌላው ዓለም ቸርኬ ሲመርጥ ይጨነቃል። የብሎኖቹን ብዛትና ርቀት ይለካል። የመሐል ቀዳዳው ከመኪናው ጋር መግጠሙን ያያል። ኦፍሴት የሚባል ቁጥር አለ፤ ቸርኬው ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ወደ ውጪ ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነው። እኛ ይህን ሁሉ ሳይንስ በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። እናስገባዋለን።

ገባም። የመሐል ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል። ስለዚህ ከ80 በላይ ሲነዳ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። "ኃይሏ ነው" ይላል። ጎማው ከላይ ከሚሸፍነው ፓራፋንጎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጪ ወጥቷል። ከኋላ ሶስት ሰው ሲቀመጥ ይፍቃል። መፍትሔው ወዲያው ተገኘ፤ የፓራፋንጎው ጠርዝ በመዶሻ ታጠፈ። ቸርኬው የሚዞርበት ኩሽኔታ አሁን ዝም ብሏል። ለወደፊቱ አስተያየቱን ይሰጣል።

ቸርኬው ላይ የታሰረው ጎማ 215/35 አር 18 ነው። ግድግዳው 75 ሚሊ ሜትር። ከ127 ወደ 75። እዚህ ላይ የሒሳብ ደስታ አለ። የድሮው ጎማ ከላይ እስከታች 634 ሚሊ ሜትር ነበር። አዲሱ 608 ብቻ ነው። ማለትም ልጁ ትልቅ ቸርኬ ገዝቶ መኪናዋ አጠረች። ሆዷ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን ወደ መሬት ቀረበ። በዚያ ላይ ፍጥነት ቆጣሪው መዋሸት ጀመረ። ጎማው ሲያጥር ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር፣ ቆጣሪው 100 ሲል መኪናዋ በእውነት የምትሄደው 96 ገደማ ነው። ሳይሮጥ እንደሮጠ የሚነግረው ዕቃ የገዛ ሰው እድለኛ ነው።

እርግጥ 225/40 ቢያስር ቁመቱ ከድሮው ጋር ይቀራረብ ነበር። ወይም 205/55 አር 16 ቢመርጥ ልዩነቱ ሶስት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን 16 ኢንች ማን ያየዋል? 16 ኢንች ለመኪናው የሚገዛ ነገር ነው። 18 የሚገዛው ለሰው ነው።

ጎማው ጎን ላይ አንድ ሌላ ቁጥር አለ። የድሮው ላይ 91 ኤች ይል ነበር፤ አዲሱ 84 ደብሊው ይላል። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያ ነው። ኤች በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር፣ ደብሊው 270። ከመገናኛ ቦሌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ለሚፈጅበት ሰው ይህቺ 60 ኪሎ ሜትር ጭማሪ አስፈላጊ ነበረች። ቁጥሩ ደግሞ ጎማው የሚሸከመው ክብደት ነው። 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 84 ማለት 500 ኪሎ። በየጎማው 115 ኪሎ ቀነሰ። አንድ ደልደል ያለ አጎት ከነጋቢው።

የትልቅ ቸርኬ ነገር ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከእውነተኞቹ ስፖርት መኪኖች ነው። እነሱ ፍሬናቸው ግዙፍ ስለሆነ በ15 ኢንች ቸርኬ ውስጥ አይገባም። ጎማቸው ስስ የሆነውም በኃይል ሲታጠፉ እንዳይልፈሰፈስ ነው። የልጁን ኮሮላ ጎን ቁጢጥ ብላችሁ ተመልከቱ። በቸርኬው ጣቶች መሐል የፊት ፍሬን ዲስኳ ትታያለች። ባዶ አዳራሽ መሐል የተቀመጠች የቡና ስኒ ትመስላለች። ከኋላ ደግሞ ዲስክ እንኳ የለም፤ ዝገት የለበሰ ታምቡር ነው። ድሮ የቸርኬው ክዳን ሸፍኖት ገመናዋ አይታይም ነበር።

ወደ መንገዱ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ምስጋና አለ። ይህ ልጅ ትዕግስትን ተምሯል። ብሬከር ሲያይ ከሃምሳ ሜትር ርቀት ይቆማል ማለት ይቻላል። ከዚያ በሰያፍ አንድ ጎማ ያወጣል፣ ያወርዳል፣ ሌላውን ያወጣል፣ ያወርዳል። አሮጊት ደረጃ ስትወጣ አይታችኋል? እንደሱ ነው። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ይለቀዋል፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ዘሩን ይቆጥርለታል። እሱ ንቅንቅ አይልም። ሰፈራችን ኮብልስቶን ነው። እዚያ ደግሞ ባጃጅ ይቀድመዋል። የባጃጅ ቸርኬ 8 ኢንች ነው። 8 ኢንች 18ን ሲቀድም ማየት ለትሕትና ጥሩ ነው።

አዲሱ የኮሪደር መንገድ ሲሠራ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። አስፋልቱ ለስላሳ ነው፤ ጠርዙ ግን ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሲያቆም "ክርርር" የሚል ድምፅ ተሰማ። ወርዶ ቸርኬውን በመዳፉ እያሻሸ ሲያየው እጁ ላይ የብር ብናኝ ቀረ። ሰው እንደሞተበት ነው የቆመው። ሳልወድ "እግዜር ያጥናህ" አልኩት።

እናቱን ማለትም አክስቴን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል። የመጀመሪያው እሁድ ልትገባ ስትል ጎማውን ጎንበስ ብላ አየችው።

"ልጄ፣ ጎማው እኮ አልቋል። በዚህ ነው ልትወስደኝ?"

"እማ፣ አዲስ ነው።"

"አዲስ ሆኖ ነው እንዲህ የከሳው?"

ከቤታቸው እስከ ደብሩ 11 ብሬከር አለ። አክስቴ በየብሬከሩ አንድ ቅዱስ ትጠራለች። ስትደርስ ግማሹን ጸሎት ጨርሳ ነው። በፊት እንዲህ አልነበረችም። ይህም በእኔ እምነት የቸርኬው ፍሬ ነው።

ጎሚስታውን ካላነሳሁ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ሽማግሌ ናቸው። የእጃቸው መስመር ሁሉ በጥቁር ተጽፏል። የወረደውን ጎማ ከነቸርኬው ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከሩና ቀስ እያሉ አዞሩት። አረፋው ብቅ አለ። ከጎማው አይደለም፤ ከቸርኬው ጠርዝ ነው። ጉድጓድ ገብቶ ጠርዙ ሞላላ ሆኗል። ስስ ጎማ የሚውጠው ነገር ስለሌለው ዱላውን እንዳለ ለቸርኬው ያስተላልፋል። ሽማግሌው እንጨት ደግፈው በመዶሻ ይቀጠቅጡት ጀመር። በያንዳንዱ ምት የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ይጨፍናል።

"ስንተኛህ ነው?" አሉት።

"አራተኛዬ፣ ጋሼ።"

"ልክ ነው። አራት እግር አላት።" ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉ። "ባለ 15 ደንበኛ ዓመት ጠፍቶ ነው የሚመጣው። በመንገድ ቢያገኘኝ አይለየኝም። እናንተ ግን ቤተሰብ ናችሁ። እግዜር ያኑራችሁ።"

አንደኛው ቸርኬ ደግሞ ተሰንጥቆ በአርጎን ተበይዷል። የተበየደ ቸርኬ በሙሉ ፍጥነት ላይ ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኋቸው። ልጁን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ዝም አሉ።

ለነገሩ ልማዱ ከነዳጅ መኪና ጋር አብሮ ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በ2016 ነዳጅ የሚጠጣ አውቶሞቢል ማስገባት ሲከለከል፣ በቃ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ዘመን ሰው ሌላ ነገር ያወራል አልኩ። የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ኤሌክትሪክ ሴዳኑን ይዞ መጣ። ባትሪዋ ብቻ ከባድ ነው፤ እሷ ላይ ደግሞ ትልቅ ከባድ ቸርኬ ጨመረባት። ከባድ ቸርኬ ለማሽከርከርም ለማቆምም ጉልበት ይበላል፣ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውም ይቀንሳል። እሱ አሁን ቢሮ ቀድሞን ይመጣል። ቻርጅ ማድረጊያው እንዳይያዝበት።

በጥር የሰፈራችን ልጅ ሰርግ ነበር። የአክስቴ ልጅ ሚዜ ስለሆነ ኮሮላዋ አጀቡ ውስጥ ገባች። ታጠበች፣ ሪባን ታሰረላት፣ ጎማዋ በቀለም ጠቆረ። እውነቱን ለመናገር ታምር ነበር። ክላክስ እየተነፋ፣ ሆ እየተባለ ወደ ፎቶው ቦታ ስንሄድ፣ ከፊታችን ያለው ሊሙዚን ድንገት ወደ ቀኝ አለ። ለምን እንደሆነ የገባን ክዳን የሌለው ማንሆል ውስጥ ስንገባ ነው።

የፊት ቀኝ ጎማው ተቀደደ። ጀርባ ያለውም ሆድ አወጣ። ልጁ የሚዜ ሱፉን እንደለበሰ ተንበርክኮ ክሪክ አቆመ። ከኋላው ኮፈን ስኮርታውን፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ አወጣን። ያ ስኮርታ ፋብሪካው የሰጠው ነው። ጥቁር የብረት ቸርኬ፣ 195/65 አር 15፣ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ያልነካ። ሲታሰር አንድ ነገር አየሁ። ቁመቱ ከሶስቱ ባለ 18 ስለሚበልጥ፣ የመኪናዋ ቀኝ ትከሻ ትንሽ ቀና አለ።

ፎቶው ቦታ ስንደርስ ካሜራማኑ መኪናዋን ዙሪያዋን አያት።

"ወንድም፣ በዚያኛው ጎን አዙራት። ይሄ ጎን አይወጣም።"

አዞራት። ጉልበቱ ላይ አቧራ አለ፣ እጁ ጥቁር ነው፣ ከረቫቱ ወደ ትከሻው ዞሯል። ተናዶ መሰለኝና ጠጋ ብዬ ላጽናናው ስል፣ ዓይኑ ሙሽሮቹ በወረዱበት መኪና ታች ላይ ተተክሎ አገኘሁት።

"አየኸው?" አለኝ በሹክሹክታ። "20 ነው እኮ።"

ቀጣዩ እቁቡ ሰኔ ላይ ነው የሚወጣው።