አንዲት መስመር ብቻዋን ፖዘቲቭ አታሰኝም

«መመርመሪያው 98 በመቶ ትክክል ነው» ሲባል፣ ፖዘቲቭ ከተባሉ 100 ሰዎች 98ቱ በሽታው አለባቸው ማለት ይመስለናል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። ኤችአይቪ ላይ ሲሆን ደግሞ በዚህ ስህተት ትዳር ይፈርሳል፣ ሰው ራሱን እስከ መጥላት ይደርሳል።

እስቲ እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን የኤችአይቪ መመርመሪያ ኪት ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 99ኙን እንዲያገኝ፣ ከሌለባቸው 100 ደግሞ ቢያንስ 98ቱን ነጻ እንዲል ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ቫይረሱ በደማቸው ያለ አዋቂዎች 1 በመቶ ገደማ ናቸው። 10,000 ሰው ተመረመረ እንበል። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች 99ኙ ይገኛሉ። ከቀሩት 9,900 ሰዎች ደግሞ 198ቱ ቫይረሱ ሳይኖርባቸው ኪቱ ላይ የፖዘቲቭ ምልክት የሆነችው መስመር ትወጣባቸዋለች። በድምሩ 297 ሰው። ከነዚህ ቫይረሱ በእርግጥ ያለባቸው 99 ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው! ብዙዎቹ ኪቶች ከዚህ ዝቅተኛ መስፈርት የተሻሉ ናቸው። ያም ሆኖ በሽታው እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ፖዘቲቭ ከተባሉት ውስጥ በስህተት የተባሉት ድርሻ ይጨምራል።

ድርጅቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሦስት የተለያዩ ኪቶች ተከታትለው ካላረጋገጡ በስተቀር ማንም ፖዘቲቭ እንዳይባል የመከረው ለዚህ ነው። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትም በአዲስ የደም ናሙና ይደገም ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ኪት ላይ ደብዘዝ ያለች መስመር አይቶ «አንድ ነገር አሳይቷል» ብሎ ሰውን ወደ ቤቱ መስደድ ጭካኔ ነው። ተመርማሪውም «በስንት ኪት ነው የታየው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ኔጌቲቭም ቢሆን ጊዜውን ይጠይቃል። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ እስኪታይ እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ለሠርጋቸው ወረቀት ብለው የሚመረመሩ ጥንዶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። ከ18 ወር በታች ባለ ሕፃን ደም ውስጥ ደግሞ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለእሱ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ መድኃኒት ላይ ሆኖ «ልሞክረው» ብሎ በፈጣኑ ኪት የሚመረመር ሰው ነው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያዳክመው ፀረ እንግዳ አካሉም ሊቀንስና ውጤቱ ኔጌቲቭ ሊመጣ ይችላል። ቫይረሱ ግን እዚያው ተደብቆ አለ። ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን ካቆመ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል።