ክብር ለበረኪና ሽታ

ልጃችሁን የምታውሉበት ጥሩ ማቆያ እየፈለጋችሁ ከሆነ ሰው አትጠይቁ። አፍንጫችሁ ይበቃል። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ዓይናችሁ እንባ ካቀረረ፣ ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ፣ በቃ ደርሳችኋል። ክፈሉና አስመዝግቡ። በረኪና እንዲህ የሚሸትበትን ቤት የትኛው ባክቴሪያ ይደፍረዋል? እናንተ ትልልቆቹ እንኳ ለመውጣት ቸኩላችኋል።

አንባቢዎቼ ወቀሳ ታበዛለህ ይሉኛል። ዛሬ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት። በየሰፈራችን ኬጂና የሕፃናት ማቆያ ውስጥ እየዳበረ የመጣው የጽዳት ባህል ሳይወደስ መቅረት የለበትም።

መጀመሪያ የሚያስደንቀኝ ሰዓት አክባሪነቱ ነው። ወለሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይወለወላል፤ ወላጅ ሊደርስ ሲል። ማታ ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፤ ወላጅ ሊመጣ ሲል። በመሐል ያለው ዘጠኝ ሰዓት የልጆቹ ነው። በዚያ ሰዓት ሕፃኑ ይድሃል፣ ይሸናል፣ ያስመልሳል፣ ከወደቀበት ብስኩት አንሥቶ ይበላል። የግል ሕይወቱ ነው። ማንም ጣልቃ አይገባበትም።

ቀጥሎ ባልዲው ይመስገን። ባልዲው አንድ ነው፣ መወልወያው አንድ ነው፣ ውሃውም አንድ ነው። ሥርዓቱ ከቡና የተወሰደ ይመስለኛል፦ አቦሉ ለሽንት ቤት፣ ቶናው ለመኝታ ክፍል፣ በረካው ለመመገቢያ ክፍል። ውሃው ሦስተኛው ክፍል ሲደርስ መልኩም ቢሆን ከቡናው ብዙ አይርቅም። ጠረጴዛውን የምትጠርገው ጨርቅ ደግሞ ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። ቀደም ብላ የአንዱን ንፍጥ፣ የሌላውን ትውከት ጠርጋ የሥራ ልምድ አካብታለች። ለሽንት ቤት ቀይ ጨርቅ፣ ለምግብ ቦታ ሌላ ቀለም መድቡ የሚሉ ሰዎች አሉ። ትልልቅ ሆስፒታሎችና ሆቴሎች እንዲያ ያደርጋሉ። እኛ ግን ጨርቅን በቀለም መከፋፈል አንወድም። አንድነት ኃይል ነው።

ስለ መጠንም እናንሣ። ሱቅ የምናገኘው በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለው ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሰው ለሚነካካው ዕቃ 0.1 በመቶ ይበቃል ይላል። አንድ እጅ በረኪና፣ 49 እጅ ውሃ ማለት ነው። ደም ወይም ትውከት ሲፈስ ወደ 0.5 በመቶ ከፍ ይላል፤ አንድ ለዘጠኝ። ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለመቼ ነው? እኛ ጋ ዓይን ራሱ ሚዛን ነው። ጀሪካኑ ይጋደልና «ደህና አድርገሽ ጨምሪበት!» ይባላል። ይጨመርበታል።

ጨማሪዋ የጽዳት ሠራተኛ ጓንት የላትም። የጣቶቿ ቆዳ ከተላጠ ቆይቷል። በእሷ ላይ እንኳ ለመቀለድ ምላሴ እሺ አይለኝም። መጠኑን የነገራት የለም፣ ጓንት የገዛላት የለም፣ ሽታው ሳሳ ሲል ግን ቁጣው የሚወርደው በእሷ ላይ ነው።

አንዳንድ ቤት በረኪና ብቻውን አይበቃም ተብሎ የሽንት ቤት አሲድ ይደባለቅበታል። ኃይል እንዲኖረው። ኃይልማ አለው! በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር የተባለ ቦታ ላይ በጠላት ምሽግ ላይ የለቀቁት ያው ጋዝ ነው። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ምሽግ ውስጥ የተኛውን ወታደር ፈልጎ ያገኘውም ለዚህ ነው። ከምሳ በኋላ ማቆያው ወለል ላይ ስፖንጅ ተነጥፎለት የሚተኛው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

የተረፈው በረኪና ደግሞ አይጣልም። ሃይላንድ ውስጥ ተገልብጦ ከመታጠቢያው ሥር ይቀመጣል። ምልክት አይለጠፍበትም። ለምን ይለጠፍበታል? ሠራተኞቹ ያውቁታል፣ ልጆቹ ደግሞ ማንበብ አይችሉም። በስህተት በረኪና የጠጣ ሰው ለከተማችን የድንገተኛ ክፍሎች እንግዳ አይደለም፤ ሐኪሞቹም ሥራ ይፈልጋሉ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ሳሙናን መዝለላችንን ነው። በረኪና ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ጉልበቱን ቆሻሻው ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ የተበጠበጠውን በረኪና ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መተው፣ ሕፃን አፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ከሆነም በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው ደንቡ። አሰልቺ ነው። ደግሞ ሳሙና ሥራውን ጨርሶ ሲታጠብ አይሸትም። ያልሸተተ ሥራ እንዴት ይታያል? እኛ ትውከቱ ላይ በቀጥታ እናፈስሳለን፣ ወዲያው እንወለውላለን። ትውከቱ ከጥግ እስከ ጥግ ይዳረሳል። ሽታው ግን፣ ተመስገን፣ የበረኪና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። እናቶች በወለዱ በቀናት ውስጥ በትኩሳት እየሞቱበት ተቸገረ። ሐኪሞቹ ወላድ ከመንካታቸው በፊት በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሞቱ ከ18 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ክሎሪኑን ያዋለው እጅ ላይ ነው። ለወለሉ ደንታም አልነበረውም። እኛ ግኝቱን አሻሽለን ከእጅ ወደ ወለል አወረድነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉን ምቀኞች ናቸው።

እጅ አንታጠብም ግን አልወጣኝም። እንታጠባለን፤ ያውም በማኅበር። ምሳ ሲደርስ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ሳፋ ይቀርባል። ናቲ ይነክራል። ሶሊያና ትነክራለች። አቡሽ ከአፍንጫው ያወጣውን ጣት ይነክራል። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የደረሰችው ቤቢ እጇን የምታስገባው ጓደኞቿ ሁሉ ካዋጡት ሾርባ ውስጥ ነው። ከዚያ ሚስ ምስማር ላይ የተንጠለጠለችውን ፎጣ ታወርዳለች። ያቺ ፎጣ ሁሉንም ልጅ በእኩል ዓይን ነው የምታየው፤ ታማሚና ጤነኛ ብላ አታበላልጥም።

«ምን ይደረግ፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶው ባዶ ነው» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፣ የከተማችንን ውሃ የማያውቅ የለም። ግን ይሄ ውሃ የሚጠፋው ለእጅ ሲሆን ነው። ለወለሉ ተፈልጎ ጠፍቶ አያውቅም። ከጀሪካን በጆግ ቀድቶ በየልጁ እጅ ላይ ማፍሰስ ይቻል ነበር፤ አያቶቻችን እንግዳ ሲያስታጥቡ ሳፋ ውስጥ ንከር አላሉም። ሕፃናት ማቆያና ትምህርት ቤት ውስጥ እጅ መታጠብን በደንብ ማስለመድ ተቅማጥን በ30 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሠላሳ በመቶ ደህና ቁጥር ነው፤ ችግሩ ለጉብኝት አይመችም።

ዳይፐር ሲቀየር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሞግዚቷ በቀኝ እጇ ዳይፐሩን ጠቅልላ ትጥላለች። በዚያው ቀኝ እጇ ከጎን የሚያለቅሰውን ልጅ ጡጦ ታነሣለች። ጫፉ ተደፍኖ እንደሆነ በጣቷ ጫን አድርጋ ትፈትሻለች፣ ታጎርሰዋለች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ትዝ ሲላት ሳኒታይዘር ጠብ አድርጋ እጇን ታሻሻለች። ትውከትና ተቅማጥ ይዞ የሚዞረው ኖሮቫይረስ ደግሞ ለአልኮል እምብዛም አይበገርም። እሱን የሚያስወግደው ሳሙናና ውሃ ነው። ቢሆንም ሳኒታይዘሯ የእንጆሪ ሽታ አላት። መቼም አፍንጫን የሚንቅ የለም።

ስለ ቢጫዋ ዳክዬ ሳላወራ ባልፍ ሆድ ይብሳታል። የፕላስቲክ ናት፣ ስትጨመቅ ትጮኻለች። ጠዋት ናቲ ጭንቅላቷን ይጠባታል። ሲሰለቸው ይጥላታል፣ ሶሊያና ከወለል አንሥታ ጭራዋን ትነክሳለች። አቡሽ ይቀማታል፣ ይልሳታል፣ ያስነጥስባታል። ማታ ቅርጫት ውስጥ ትገባለች፣ ጠዋት እንደገና ወደ ሥራ። ወለሉ በቀን ሁለቴ በረኪና ሲጠጣ ዳክዬዋ ከተገዛች ውሃ ነክቷት አያውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወላጅ አይልሳትም።

ልጅ ሲታመም ደግሞ ማንም አይደነግጥም፤ ጥፋተኛው ታውቆ ያደረ ነው። «የናቲ እናት፣ አይዞሽ፣ ጥርስ እያበቀለ ነው፣ እሱ ነው የሚያስቀምጠው» ትላለች ሚስ። በዚያው ሳምንት ስምንት ልጅ ያስቀምጠዋል። ስምንቱም ጥርስ እያበቀሉ ነው። ከመካከላቸው የወተት ጥርሱን ጨርሶ ያበቀለ የአራት ዓመት ልጅ አለ፤ እሱ ብርድ መትቶት ነው። ያቺ ቀይዋ ደግሞ ዓይን በልቷት ነው። ጥርስ፣ ብርድና ዓይን እያሉ ሳፋውና ፎጣው ተጠርጥረው አያውቁም።

እኛ ወላጆችስ? እኛም አንታማም። ሌሊቱን ሲያተኩሰው ያደረውን ልጅ ጠዋት የፓራሲታሞል ሽሮፕ እንግተዋለን። ትኩሳቱ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ማቆያው በር ላይ አስረክበን እንፈተለካለን። ሽሮፑ አልቆበት ልጁ ሲግል እኛ ስብሰባ ላይ ነን፣ ስልካችን ሳይለንት ላይ ነው። በሕጉ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ ከወሊድ በኋላ የሚቀረው 90 ቀን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ልጅ ታሞ ቀርቻለሁ ሲባል የሚከፋ አለቃ ፊት ላይ ግን አዋጅ አይሠራም። ስለዚህ ሽሮፕ።

ለምዝገባ ስንሄድ ደግሞ ጥያቄያችንን ማየት ነው! ካሜራ አላችሁ? በስልክ ማየት ይቻላል? እንግሊዝኛ ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው? ልጁ ገና «እማ» ማለት አልጀመረም። ዳይፐር የምትቀይረው ሴትዮ እጇን የት ነው የምትታጠበው ብሎ የሚጠይቅ አባት ቢገኝ ጸጉረ ልውጥ ተብሎ ጥበቃው ይከታተለዋል። ግድግዳው ላይ የተሣለችውን አይጥ አይተን፣ ሰው ሠራሹን ሣር ረግጠን፣ በረኪናውን በረጅሙ ስበን «ደስ ይላል፣ ንጹሕ ነው» እንላለን። ባለቤቷ ምን ታድርግ? የምንገዛውን ነው የምትሸጥልን።

ባለፈው አንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ተነሥታ «ልጆቹ በየሳምንቱ ነው የሚታመሙት፣ ጽዳቱ ይታይልን» አለች። ሁላችንም አጨበጨብን። ውይይቱ ሞቅ ብሎ ዋለ። በመጨረሻ የተወሰነው እንዲህ ነው፦ በረኪናው በእጥፍ ይጨመራል፣ የሎሚ ሽታ ያለው ይገዛል፣ ለዚሁ ሲባል በየልጁ መጠነኛ የክፍያ ጭማሪ ይደረጋል። የእጅ መታጠቢያው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ከዚያ ሻይና ኩኪስ ቀረበ። ኩኪሱ በትሪ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሁለት አነሣሁ።