ዕድሜ ለኦብጀክቶቻችን!

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎራ በሉ። ወረፋው በረንዳ ደርሷል። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል "ሲስተም የለም" ትላለች። ባለጉዳይ ይነጫነጫል። እኔ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሲስተሙ የጠፋው አንሶ ሳይሆን በዝቶ ነው።

ምስጋናው ለፕሮግራመሮቻችን ይድረስ። ሰርቨር (ሁሉም የሚገለገልበት ዋናው ኮምፒውተር) ላይ የተፈጠረ ኦብጀክት፣ ማለትም ለአንድ ሥራ ተፈጥሮ ሜሞሪ የሚይዝ የፕሮግራም ቁራጭ፣ ሥራውን ሲጨርስ ይሙት የሚሉት ፈረንጆቹ ናቸው። አንድ ፕሮግራም በሌላ ማሽን ላይ ያለን ኦብጀክት የሚጠራበትን ዶት ኔት ሪሞቲንግን ሲሠሩ ለኦብጀክቱ የ5 ደቂቃ ሊዝ ሰጡት። በተጠራ ቁጥር ቢያንስ 2 ደቂቃ ይኖረው ዘንድ ይታደስለታል። የሚጠራው ካጣ፣ በየ10 ሰከንዱ የሚዞር ተቆጣጣሪ አለ፤ ጊዜው ያለፈበትን ያሰናብታል። ከዚያ በፊት የነበረው መሰል ቴክኖሎጂ፣ ዲኮም፣ ደግሞ ኦብጀክቱን የሚጠቀመው ማሽን በየ2 ደቂቃው "አለሁ" እንዲል ይጠብቃል። 3 ጊዜ ዝም ካለ አበቃ። ምን ዓይነት አንጀት ነው!

የእኛ ልጆች አልቻሉም፤ አዘኑ። አንዲት መስመር ጻፉ። የሊዝ ዘመኑን ለሚጠይቅ ሁሉ "ነል" (ባዶ) ተብሎ ይመለስለት። በሪሞቲንግ ሕግ ይህ ማለት ለዘላለም ኑር ነው። ሰው መሬት እንኳ በሊዝ በሚይዝበት ከተማ፣ አንድ ደረሰኝ ለማተም የተፈጠረ ኦብጀክት ቋሚ ይዞታ አገኘ። ካርታ ብቻ ነው የቀረው።

ሁሉም የሚጋሩት አንድ ኦብጀክት ቢሆን ኖሮ እሺ፣ ይኑር። እነሱ ግን ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ይፈጥራሉ። ልጅቷም አጋዥ ናት። ሳታስጨርስ ለቡና ትወጣለች፣ ስትመለስ ሌላ መስኮት ትከፍታለች። የቀድሞው ኦብጀክት ሜሞሪ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ይጠብቅ!

ደግሞ በሌላው ጽንፍ ያለውን ጀግና ፕሮግራመር አንርሳ። ለአንድ ጥሪ ተወልዶ በሚሞት ኦብጀክት ውስጥ የባለጉዳዩን ፋይል ያስቀምጣል። ባለጉዳዩ ሁለተኛውን ቁልፍ ሲነካ ሲስተሙ "ማን ልበል?" ይለዋል።

የምስጋናው ቁንጮ ግን የአይቲው ነው። ሜሞሪው ጢም ሲል ከአዘዞ በባጃጅ ይጠራል። ይመጣል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። "ተስተካክሏል" ይላል። ኮዱን ማንም አይከፍትም፤ ለምን ይከፈታል? ያቺ አንዲት መስመር ብትነሳ ልጁ ምን ሥራ ይኖረዋል? ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ የተሸለመውም በዚሁ ነው።

ከእሱ ሌላ ሰርቨሩን በነፃ የሚያጸዳ አንድ ባለሙያ ነበረን። መብራት መጥፋት። ቀጠሮ አይጠይቅም፣ አበል አይጠይቅም፣ ዘላለማዊ የተባለውን ሁሉ በአንዴ ጠራርጎ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን አስተዳደሩ ለሰርቨሩ ጄኔሬተር ገዛለት።